በኬሞቴራፒ ሕክምና ወቅት ስለሚያስፈልግ አመጋገብና የአካል እንቅስቃሴ

ከመካነ ሰላም፣ ከሳይንትና ከወገዲ አካባቢ ተነሥተው በደሴ ወይም በአዲስ አበባ የኬሞቴራፒ ሕክምና የሚከታተሉ ታካሚዎች በሁለት ዙር መካከል ያለውን ጊዜ የሚያሳልፉት በቤታቸው ነው። ስለሆነም በቤት የሚደረገው እንክብካቤ የሕክምናው አካል ነው።

የመድኃኒቱ መጠን ብዙውን ጊዜ በክብደትና በቁመት ስለሚሰላ፣ ታካሚው ከእያንዳንዱ ዙር በፊት መመዘን ይኖርበታል። በ6 ወራት ውስጥ ክብደቱ ከ5 በመቶ በላይ ከቀነሰ ለሐኪሙ ሊያሳውቅ ይገባል። ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ 50 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ከ50 እስከ 75 ግራም ማለት ነው። ይህን ለማሟላት ውድ ምግብ መግዛት የግድ አይደለም። ባቄላ፣ ምስር፣ አተር፣ ሽሮ፣ በደንብ የበሰለ እንቁላልና የፈላ ወተት በቂ ምንጮች ናቸው። የምግብ ፍላጎት ሲጠፋ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ ጥቂት ጥቂት መመገብ ይሻላል። ለረጅሙ የአውቶቡስ ጉዞም በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ የሚበጠበጥ በሶ መያዝ ይጠቅማል። አፍ ሲቆስል በርበሬና ትኩስ ነገር ቀርቶ አጥሚት ወይም የቀዘቀዘ ገንፎ ይሰጥ።

መድኃኒቱ የነጭ የደም ሴሎችን ቁጥር ስለሚቀንስ ቁርጥ፣ ያልበሰለ ክትፎና ያልፈላ ወተት ፈጽሞ አይፈቀዱም። አንዳንድ የባህል መድኃኒቶች የኬሞቴራፒውን ሥራ ሊያውኩ ወይም ጉበትን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ሐኪም ሳያውቅ መውሰድ አይገባም። በጾም ወቅትም ታካሚው ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር መመካከር አለበት፤ ሕመምተኛን ከጾም ማቆየት በክርስትናም በእስልምናም የታወቀ ነው።

«ታሞ መተኛት ነው እንጂ» የሚለው ምክር በቅንነት ቢሰጥም ድካምን ያባብሳል። በቀን 10 ደቂቃ በሜዳ መንገድ በመራመድ ተጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ይቻላል። የደጋው ዳገት ግን፣ በተለይ የደም ማነስ ላለበት፣ ለጅምር አይመከርም። የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም የትንፋሽ መቆራረጥ ከተሰማ ወዲያውኑ ማቆም ያስፈልጋል።

የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከደረሰ ማስታገሻ ወስዶ እስኪነጋ መጠበቅ ለሕይወት ያሰጋል። ታካሚው ኬሞቴራፒ ወደ ወሰደበት ሩቅ ከተማ ከመጓዝ ይልቅ፣ ሌሊትም ቢሆን በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል በመሄድ የሕክምና ካርዱንና መድኃኒቱን የወሰደበትን ቀን ማሳየት ይኖርበታል።