ጊዜያዊ የጨቅላ ጡንቻ ዝለት

ልጁ ሲወለድ እንከን ላይታይበት ይችላል። ያለቅሳል፣ ይንፈራገጣል። በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ግን ጡት ሲሰጡት ሁለት ሦስቴ ስቦ ይተዋል፤ ለቅሶው ይሰልላል፤ ወተቱ ትን ይለዋል፤ የዐይኑ ቆብ ይከብደዋል። እናቱ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው የጡንቻ በሽታ ካለባት፣ ሐኪሞች ይህን ሁኔታ «ትራንዚየንት ኒዮኔታል ማያስቴኒያ ግራቪስ» ይሉታል። እዚህ ጊዜያዊ የጨቅላ ጡንቻ ዝለት እንለዋለን።

«ድካም» ያላልነው ቃሉ እንቅልፍ ያጣውንም፣ ሥራ የበዛበትንም፣ ያረጀውንም ስለሚያቅፍ ነው። «ሽባነት» ደግሞ ከነጭራሹ አለመንቀሳቀስ ነው። የዛለ ክንድ ግን መጀመሪያ ጉልበት ነበረው፤ ሲሠራ ሲሠራ አልታዘዝ አለ፤ ቢያርፍ ይመለሳል። የማያስቴኒያ ጠባይ ይኸው ነው፦ ጠዋት ደህና የነበረችው እናት ወደ ማታ ዐይኗን መግለጥ፣ ማኘክ ወይም ደረጃ መውጣት ያቅታታል።

ነርቭ ጡንቻን የሚያዘው አሴቲልኮሊን በተባለ ኬሚካል ነው፤ ጡንቻው ላይም ይህን ኬሚካል የሚይዙ ተቀባዮች አሉ። በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ፣ ሰውነት ተሕዋስያንን እንዲዋጉለት የሚያመርታቸው አንቲቦዲዎች ዞረው እነዚህኑ የገዛ ተቀባዮቹን ያጠቃሉ። ትእዛዙ ይላካል፤ የሚቀበለው ይጎድላል።

አንቲቦዲዎቹ ታዲያ እናትየዋ ዘንድ ብቻ አይቀሩም፤ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋሉ። ነፍሰ ጡር የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ስትከተብ ገና ያልተወለደው ልጇ ጥበቃ የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ እንግዴ ልጁ የሚጠቅመውን ከሚጎዳው አይለይም። የስኮትላንዱ ሐኪም ጆን ሲምፕሰን በ1960 እ.ኤ.አ. ማያስቴኒያ የሰውነት መከላከያ በራሱ ላይ የተነሣበት በሽታ ነው ብለው መላ ምት ሲያቀርቡ፣ ከያዟቸው ፍንጮች አንዱ እነዚህ ጨቅላዎች ነበሩ። ከእናት የተሻገረ አንዳች ነገር ያዝላቸዋል፤ ያ ነገር ሲያልቅ ይድናሉ።

«ጊዜያዊ» የሚለውም ከዚህ የመጣ ነው። ልጁ አንቲቦዲውን ተቀበለ እንጂ አያመርተውም። ከእናቱ ያገኘው በየሦስት ሳምንቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ አብዛኞቹ ሕፃናት በአንድ ወር አካባቢ ይበረታሉ፤ አንዳንዶቹ ጥቂት ወራት ይፈጅባቸዋል። በዘር የሚተላለፈውና አብሮ የሚኖረው ማያስቴኒያ ሌላ በሽታ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ፅንሱ ማኅፀን ውስጥ ሳለ መንቀሳቀስ ተስኖት መገጣጠሚያዎቹ ተኮማትረው ይወለዳል፤ ምንጩ እነዚያው አንቲቦዲዎች ቢሆኑም ጉዳቱ ስለሚቆይ ስማችን እሱን አይሸፍንም።

ጊዜያዊ ማለት ግን ቀላል ማለት አይደለም፤ መዋጥና መተንፈስም የጡንቻ ሥራ ነው። በአፍንጫ በገባ ቱቦ መመገብ፣ ከምግብ በፊት በጥቂቱ ኒዮስቲግሚን ወይም ፒሪዶስቲግሚን መስጠት፣ ሲብስም በመሣሪያ ማስተንፈስ ሊያስፈልግ ይችላል።

ዝለቱ የሚያገኛቸው በሽታው ካለባቸው እናቶች ከሚወለዱት ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑትን ነው። የትኛውን እንደሚይዝ ከእናትየዋ ሁኔታ መገመት አዳጋች ነው፤ ምልክቱ ጠፍቶላት ዓመታት የቆየችም የዛለ ልጅ ልትወልድ ትችላለች። ታላቁ ተይዞ ከነበረ የታናሹ ሥጋት ይጨምራል። «አሁንማ ድኛለሁ» ብላ ለአዋላጇ ሳትናገር የምትቀር እናት ስለዚህ ሁለት ጊዜ ትጎዳለች። ጡት አልይዝ ያለ ጨቅላ ሲመጣ ሐኪም ቀድሞ የሚጠረጥረው ኢንፌክሽን ወይም በወሊድ ጊዜ መታፈንን ነው፤ ልክም ነው፤ የእናትየዋን በሽታ ካልሰማ ግን ዝለቱ ላይታሰበው ይችላል። ለራሷም ቢሆን፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ የደም ግፊት ለጠናባት ወላድ የሚሰጠው ማግኒዚየም ሰልፌት ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚሄደውን ትእዛዝ ይብስ ስለሚያደክም፣ ማያስቴኒያ ላለባት አደገኛ ነው።

ጡት ማጥባት አብዛኛውን ጊዜ አይከለከልም። ምልክቶቹ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ስለሚወጡ ግን፣ ወልዶ በማግሥቱ ወደ ቤት መሄድ ለዚህች እናት አይመከርም፤ ልጇ ሲጠባና ሲተነፍስ እነዚያን ቀናት እዚያው ሆስፒታል ሆኖ መታየት አለበት።