«ከሳሚ መስክ» ስንል

ብርሃን በሲሊከን ቺፕ ላይ በተቀረጸ ቀጭን ቦይ ሲጓዝ ሁሉም እዚያው ታፍኖ አይቀርም። ከግድግዳው ወጣ ብሎ በዙሪያው ያለውን ፈሳሽ የሚነካ ክፍል አለው፤ በራቀ ቁጥር ግን እየደከመ ይሄዳል። በእንግሊዝኛ «ኢቫነሰንት ፊልድ» የሚሉት ይህንን ነው፤ ቃሉ የመጣው መጥፋትን፣ መትነንን ከሚያመለክት የላቲን ግስ ነው። «ጠፊ መስክ» ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን «ከሳሚ መስክ» እላለሁ፤ ለደምና ለሽንት ምርመራ እንዲህ ያለ ቺፕ የሚነድፍ መሐንዲስ ኮምፒውተሩን ደጋግሞ የሚጠይቀው ብርሃኑ በምን ፍጥነት እንደሚከስም ነውና።

የተለመደውን ቦይ እንውሰድ። ወርዱ 500፣ ከፍታው 220 ናኖሜትር ነው፤ ላዩ ውሃ፣ በውስጡ የሞገድ ርዝመቱ 1550 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን። ሂሳቡ ሲሠራ የመስኩ ብርታት 120 ናኖሜትር ያህል ርቆ ወደ 37 በመቶ ይወርዳል፤ ያንኑ ያህል ሲርቅ ደግሞ ወደ 14። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ አንቲቦዲ ቁመቱ 10 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ የሚገኘው መስኩ ከበረታበት ስፍራ ነው። የሚያድነውን ፕሮቲን ሲይዝ እዚያች ስፍራ የነበረው ውሃ በፕሮቲን ይተካል፤ ፕሮቲን ደግሞ ብርሃንን ከውሃ ይበልጥ ያዘገያል። ቦዩ እንደ ቀለበት የተጠማዘዘ ከሆነ፣ ቀለበቱ የሚያስተጋባው የሞገድ ርዝመት በጥቂቱ ፈቀቅ ይላል፤ ምርመራው ይህችን ፈቀቅታ ማንበብ ነው። ባክቴሪያ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ቁመቱ 1000 ናኖሜትር ያህል ስለሆነ መስኩ የሚዳስሰው ጠርዙን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቦዩን ማሳሳት ወይም በሲሊከን ናይትራይድ ሠርቶ መስኩ ቀስ ብሎ እንዲከስም ማድረግ ያስፈልጋል።

ታዲያ ብርሃኑን እንዳለ ወደ ውጭ ማውጣት አይሻልም? አይሻልም። በዚህ የሞገድ ርዝመት ውሃ ብርሃን ይውጣል፤ ልጓሙ የላላ ብርሃንም ቀለበቱ ሲታጠፍ ያመልጣል። በሁለቱም ምክንያት የማስተጋባቱ ስለት ይዶለዱማል፤ ትንሿ ፈቀቅታም አትለይም። (ሙቀትም አለ፦ የአንድ ዲግሪ ለውጥ የሲሊከን ቀለበትን 70 ፒኮሜትር ገደማ ያንቀሳቅሳል፤ አጠገቡ መመሳከሪያ ቀለበት የሚቀመጠው ለዚህ ነው።) የኮምፒውተር ንድፍ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ኬን ዪ በ1966 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ዘዴ የማክስዌል ቀመሮች በጥቃቅን ክፍልፋዮች ላይ ይሰላሉ፤ ወርድና ከፍታ እየተለዋወጠ፣ አንድም ቺፕ ሳይሠራ፣ መክሰሙና ብክነቱ ይመዘናል።

በቃሉ ላይ የሚነሳው ብርቱ ተቃውሞ፣ ከሰመ የሚባለው በጊዜ ብዛት ላለቀ ነገር ነው የሚለው ነው፤ እሳት ይከስማል፣ ድርጅት ይከስማል። እውነት ነው። ይህ መስክ ግን ጊዜ ቢያልፍም እዚያው ነው፤ የሚከስመው በርቀት ነው። ቢሆንም ተማሪ «መግነጢሳዊ መስክ» ሲባል በቦታ ላይ የተዘረጋ ነገር ማሰብ ለምዷል፤ «መስክ» የሚለው ቃል ራሱ መክሰሙን ወደ ቦታ ይመልሰዋል። «ተናኝ» ግን ይበልጥ ያሳስታል፤ የተነነ ሄዷል፣ ይህ ብርሃን ግን ከቦዩ ጋር አብሮ ይጓዛል እንጂ አይሄድም። እጥፋቱ ላይ በእርግጥ ጥሎ የሚሄደውን «አምላጭ ብርሃን» ብንለው፣ መሐንዲሱ ለየብቻ የሚያሰላቸው ሁለት ቁጥሮች በአማርኛም ሁለት ስም ይኖራቸዋል።