ዕቃ ተቀባይ፦ በጭነት ሰነድ ላይ የሚሰፍር ስምና የሚያስከትለው ኃላፊነት

በባሕር ንግድና በትራንስፖርት አሠራር «ዕቃ ተቀባይ» የሚባለው፣ አጓጓዡ ጭነቱን በመድረሻው ቦታ እንዲያስረክበው በጭነት ሰነዱ ላይ የተመለከተው ሰው ወይም ድርጅት ነው። በትራንዚት ሥራ ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎች «ኮንሳይኒ» በሚለው ስያሜ ይጠሩታል። ቃሉ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ይሁንና ገዢው፣ ከፋዩ፣ የዕቃው ባለቤትና ተቀባዩ የተለያዩ ወገኖች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ስሙ በትክክል ሳይሰፍር የቀረ እንደሆነ ዕቃው በወደብ ይከማቻል፣ ወጪውም ይጨምራል።

ጉዳዩ ለኮምቦልቻ ከተማ ቅርብ ነው። ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ 380 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደሴ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ከተማ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ባሕር በር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። መንገዱ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ በዋናነት የአሰብን ወደብ ሲያገለግል ቆይቶ፣ ከዚያ ወዲህ የጅቡቲ ወደብ ጭነት ይተላለፍበታል። ከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን ጨምሮ የበርካታ ኢንዱስትሪዎች መገኛ ስትሆን፣ የኢንዱስትሪ ፓርኳ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። የደረቅ ወደብና የጉምሩክ ቅርንጫፍ ያላት በመሆኑም የአካባቢው አስመጪዎች ዕቃቸውን እዚያው መረከብ ይችላሉ።

የመልቲ ሞዳል ትራንስፖርት ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 548/1999 የሕግ መሠረት አግኝቷል። በ2004 ዓ.ም. የባሕር ትራንዚት፣ የንግድ መርከብና የደረቅ ወደብ ድርጅቶች ከተዋሐዱ በኋላም አሠራሩ ተስፋፍቷል። በዚህ ሥርዓት ኦፕሬተሩ ዕቃውን ከውጭ አገር ወደብ ተቀብሎ በሰነዱ ላይ እስከተመለከተው የአገር ውስጥ ደረቅ ወደብ ድረስ በአንድ ሰነድ ያጓጉዛል፤ ለጉዞውም ኃላፊ ይሆናል። በዩኒ ሞዳል አሠራር ግን ተቀባዩ ወይም ወኪሉ ዕቃውን በጅቡቲ ተረክቦ ወደ አገር ውስጥ የሚያስገባው ራሱ ነው። ስለሆነም በሰነዱ ላይ የማስረከቢያው ቦታ ኮምቦልቻ ወይም ጅቡቲ ተብሎ መጻፉ የተቀባዩን የሥራ ድርሻ ይለውጠዋል።

የተቀባዩ ስም በባሕር የጭነት ሰነድ፣ ማለትም በቢል ኦፍ ሎዲንግ ላይ በ3 መንገድ ሊሰፍር ይችላል። የመጀመሪያው በስም ለተጠቀሰ ሰው ብቻ የሚወጣው ነው። ሁለተኛው «ለእገሌ ትዕዛዝ» ተብሎ የሚጻፍ ሲሆን፣ ባለመብቱ በሰነዱ ጀርባ ላይ ፈርሞ ለሌላ ሊያስተላልፈው ይችላል። ሦስተኛው ሰነዱን ለያዘ ሰው የሚወጣ ነው። በአንጻሩ የአየር ጭነት ሰነድ በጀርባ ፊርማ የሚተላለፍ የባለመብትነት ሰነድ ስላልሆነ፣ ዕቃው የሚሰጠው በሰነዱ ላይ በስም ለተጠቀሰው ተቀባይ ወይም እርሱ ለወከለው ነው።

በኢትዮጵያ በሌተር ኦፍ ክሬዲት በሚገባ ዕቃ ላይ በአብዛኛው የሚታየው ሁለተኛው ነው። በተቀባይ ቦታ የሚሰፍረው «ለባንኩ ትዕዛዝ» የሚል ሲሆን፣ አስመጪው የዕቃውን መድረስ እንዲያውቅ «ማሳወቂያ የሚደርሰው» በሚለው ሥር ይጻፋል። ባንኩ ይህን የሚያደርገው ለክፍያው ዋስትና እንዲሆነው ነው። አስመጪው ግዴታውን ሲወጣ ባንኩ በሰነዱ ጀርባ ላይ ፈርሞ ያስረክበዋል። ማሳወቂያ የሚደርሰው ወገን በዚህ ስያሜው ብቻ ዕቃውን የመረከብ መብት አያገኝም። የመርከቡን መድረስ የሚገልጽ ደብዳቤ ይዞ ወደ ወደብ የሚሄድ ሠራተኛ ባዶ እጁን የሚመለሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ተቀባይ መሆን ባለቤት ከመሆን ወይም አደጋን ከመሸከም ጋርም አንድ አይደለም። አደጋው ከሻጭ ወደ ገዢ የሚሸጋገርበትን ነጥብ የሚወስነው የሽያጭ ውሉ ነው። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ባወጣቸው የኢንኮተርምስ 2020 ደንቦች መሠረት፣ በኤፍ ኦ ቢም ሆነ በሲ አይ ኤፍ አደጋው የሚሸጋገረው ዕቃው በመጫኛው ወደብ መርከብ ላይ ሲጫን ነው። ገዢው ዕቃውን በኮምቦልቻ ከመረከቡ ሳምንታት አስቀድሞ አደጋውን ተሸክሟል ማለት ነው። የመድን ሽፋን አስቀድሞ መታሰብ የሚኖርበትም ለዚህ ነው።

ዕቃው ሲደርስ ተቀባዩ የሚጠበቁበት ተግባራት አሉ። ዋናውን የጭነት ሰነድ ያቀርባል፤ በራሱ ወይም በጉምሩክ አስተላላፊ አማካይነት ዲክላራሲዮን ያስሞላል፤ ቀረጥና ታክስ እንዲሁም የወደብ ክፍያ ይፈጽማል፤ ዕቃውንም በተወሰነው ጊዜ ያነሣል። ጊዜው ካለፈ የመጋዘን ኪራይና የኮንቴይነር ማዘግያ ክፍያ ይቆጠርበታል፤ የጉምሩክ ሕግ ከደነገገው ጊዜ በላይ የቆየ ዕቃም እንደተተወ ተቆጥሮ ሊወገድ ይችላል።

በርክክብ ወቅት የኮንቴይነሩን ቁጥርና የማሸጊያውን ሁኔታ ከሰነዱ ጋር ማመሳከርም የተቀባዩ ሥራ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. የወጡት የሄግ ደንቦች እንደሚያመለክቱት፣ በባሕር ጭነት ላይ በግልጽ የሚታይ ጉዳት በርክክቡ ጊዜ፣ የማይታይ ጉዳት ደግሞ በ3 ቀናት ውስጥ ለአጓጓዡ በጽሑፍ መገለጽ አለበት። ይህ ካልተደረገ ዕቃው በሰነዱ ላይ በተገለጸው ሁኔታ እንደተረከበ ይገመታል። ክስ የሚቀርበውም በ1 ዓመት ጊዜ ውስጥ ነው።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተቀባይ ስም የተለየ ክብደት አለው። ለአብነት ያህል፣ ግዥውን በአዲስ አበባ የሚገኝ መሥሪያ ቤት ፈጽሞ፣ ወጪውን ለጋሽ ድርጅት ሸፍኖ፣ የሕክምና መሣሪያውን የሚጠቀምበት ደሴ የሚገኝ የጤና ተቋም ሊሆን ይችላል። ከቀረጥ ነጻ የማስገባት መብት የሚሰጠው ተለይቶ ለታወቀ ባለመብት በመሆኑ፣ በፈቃዱ ደብዳቤ ላይ ያለው ስም በጭነት ሰነዱ ላይ ካለው ጋር ካልተጣጣመ ጉዳዩ እስኪስተካከል ዕቃው ይቆማል። ስምን ማስተካከል የላኪውን፣ የአጓጓዡንና የጉምሩክን ስምምነት የሚጠይቅ በመሆኑ ጊዜ ይወስዳል። በቀረጥ ነጻ መብት የገባን ዕቃ ያለ ጉምሩክ ፈቃድ ለሌላ ወገን ማስተላለፍም አይቻልም።

ስለዚህ ማጣራቱ መደረግ ያለበት ዕቃው ከመጫኑ በፊት ነው። የግዥ ክፍሉ ላኪው የሚልከውን ረቂቅ የጭነት ሰነድ ተቀብሎ የተቀባዩን ሙሉ ስም፣ ማሳወቂያ የሚደርሰውን ወገን፣ የማስረከቢያውን ቦታና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ከውሉ፣ ከባንክ ሰነዱና ከቀረጥ ነጻ ደብዳቤው ጋር ማስተያየት ይኖርበታል። በረቂቁ ላይ በአንድ መልእክት የሚታረም ስሕተት፣ ኮንቴይነሩ ኮምቦልቻ ከደረሰ በኋላ ለእያንዳንዱ ቀን ከመሥሪያ ቤቱ በጀት የሚከፈልበት ይሆናል፤ መሣሪያውን የሚጠብቀው ታካሚም በዚያው ልክ ይዘገይበታል።