ላሟ የበላችው ፕሮጀክት

ተረት ተረት አልላችሁም፤ እናንተም «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ። ይኼ የሆነ ነገር ነው። ላሟ ግን አለችበት፤ ቆየት ብላ ትመጣለች።

አገሩ ደብረ ታቦር ነው፣ ከጉና ሥር። ጉና ማለት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ አናቱ ላይ ጅብራ የሚበቅልበት፣ ርብንና ጉማራን አፍልቆ በፎገራ በኩል ወደ ጣና የሚሰድ ተራራ ነው። እኔ እንግዲህ የዚያ ብርድ ልጅ ነኝ። የተማርኩበትን ትምህርት ቤት ስም አልጠራም። ብጠራውም ባልጠራውም፣ የምነግራችሁ ነገር በእናንተም ትምህርት ቤት ሳይደረግ አልቀረም።

ክበብ ነበረን፤ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ።  አስቀድሜ ግን በትምህርት ቤታችን ፕሮጀክት ሲባል ምን ማለት እንደነበር ልንገራችሁ። መምህሩ «አምስት አምስት ሁናችሁ ስለ አካባቢ ብክለት ሥሩ፤ ማርክ አለው» ይላሉ። አምስቱ ይሰበሰባሉ፣ አንዱ ይሠራል፣ አራቱ ስም ያስገባሉ። የሚሠራውም ልጅ የታላቅ ወንድሙን ወረቀት ከሣጥን ፈልጎ አውጥቶ፣ ኮምፒውተር ቤት አስለቅሞ፣ ባይንድ አስደርጎ ያስረክባል። ሽፋኑ ያምራል። ውስጡ የኦዞን መሳሳትና የዋልታ በረዶ መቅለጥ ነው። ስለ ደብረ ታቦር አንድ መስመር አታገኙም። ሞዴል ሥሩ የተባልን ጊዜማ ይብስ ነበር። «አረንጓዴ ከተማ» የሚባለው ሞዴል በአዲስ ፎም፣ በአዲስ ቀለም፣ ከሱቅ በተገዛ የፕላስቲክ ሣር ይሠራና ከኤግዚቢሽኑ ማግስት አጥር ጀርባ ይጣላል። በሚቀጥለው ወር እዚያው አጥር ጀርባ የጽዳት ዘመቻ እንወጣለን!

ይኼን ስል መምህሮቼን መውቀሴ አይደለም። አንድ ክፍል ሙሉ የተጨናነቀ ተማሪ ይዞ ከባይንድ ያለፈ ነገር ይጠይቅ የሚል ካለ፣ ጠመኔውን ይረከብና ይሞክረው።

የዓለም የአካባቢ ቀንንም እናከብር ነበር። ቀኑ በየዓመቱ ግንቦት 28 ነው። ግንቦት 28 ለተማሪ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ፈተና ደጅ ላይ ቆሟል። ግጥም ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ ሁሉም ወደ ደብተሩ ይሮጣል።

እሺ፤ አሁን ወደ 2011 ዓ.ም. ክረምት እንግባ። የአረንጓዴ አሻራ የመጀመሪያው ክረምት ነው። ሐምሌ 22 ቀን አገር በሙሉ ወጣ፤ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተነገረ። እኛም ወጣን። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ገሚሱ ልጅ ቤተሰብ ሊያግዝ ገጠር ገብቷል፤ የቀረነው በዝናብ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ተዳፋት ሄድን። ጉድጓዱ አስቀድሞ ተቆፍሮ ስለቆየ ውኃ ቋጥሯል። ችግኙ በጥቁር ላስቲክ ሆኖ በመኪና መጣ። ወይራ የጠበቀ ነበር፣ ጽድ የጠበቀም ነበር፤ የበዛው ግራቪሊያ ሆነ። በዚህም አልፈርድም። የወይራ ፍሬ ሥጋው ሲላጥ ውስጡ ጠንካራ ቅርፊት አለው፤ ያ ቅርፊት በጥንቃቄ ካልተሰነጠቀለት ዘሩ ለመብቀል ወራት ይፈጃል። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ደግሞ የሚጠየቀው ስንት እንዳፈላ እንጂ ምን እንዳፈላ አይደለም።

ከመሃላችን ላስቲኩን ሳይቀድ የተከለም ብዙ ነው። ላስቲኩ ካልወጣ ሥሩ እዚያው ውስጥ ይጠመጠማል፣ ወደ መሬት አይወርድም። አንድ የግብርና ባለሙያ «ላስቲኩን! ኧረ ላስቲኩን!» እያሉ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ሰዉ ፎቶ ይነሣል፣ ማን ይስማቸው? ማታ ሪፖርቱ ተጻፈ፤ የተተከለው ቁጥር በደማቁ ተሠመረበት፤ እኛም ወደየቤታችን ገብተን እግራችንን ታጠብን።

መስከረም ጠባ። 2012 ሆነ። አዲስ የባዮሎጂ መምህር መጡልን፤ ክበቡንም ደርበው ያዙ። ጥቅምት ላይ ስብሰባ ተጠራና የክበቡ ሊቀመንበር «የዘንድሮ ዕቅዳችን አንድ ሺህ ችግኝ መትከል» ብሎ ማንበብ ሲጀምር ቲቸር አቋረጡት።

«የክረምቱ የት ደረሰ?»

ሊቀመንበሩ ሪፖርቱን ዘረጋላቸው።

«እሱማ የተተከለው ነው። የጸደቀውስ?»

ጭጭ። በክበባችን እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ደብተርና እርሳስ ይዘን ተዳፋቱን ወጣን። ላሟን ያገኘናት ይኼኔ ነው። ዳለቻ ናት። ጫፉ የተቀነጠበ ችግኝ አጠገብ ቆማ ታመነዥካለች። ባለቤቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሊቀመንበራችን ደሙ ፈላ።

«እማማ! ይኼ እኮ የአረንጓዴ አሻራ ነው! ላምዎን ያስወጡልን!»

እሳቸው ንቅንቅ አላሉም።

«ልጄ፣ ይኼ ቦታ የእናንተ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? እኔ እሷን ከጥጃነቷ ጀምሮ እዚህ ነው ያሰማራኋት። ክረምት መጣችሁ፣ ቆፈራችሁ፣ ጨፈራችሁ፣ ሄዳችሁ። ‹እማማ፣ ላምዎን ወዴት ይወስዷታል?› ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ?»

የጠየቃቸው የለም። ቲቸር ጎንበስ ብለው ሰላም አሏቸውና «ልክ ነዎት እናቴ። ቢከለልና ሣሩን አጭደው ቢወስዱስ?» አሏቸው።

«ካስጨዳችሁኝማ ምን ከፋኝ! እሷም ከመንከራተት ታርፋለች።»

ይኼን ነገር ልብ በሉልኝ። ልቅ ግጦሽ በቆመበት በብዙ ቦታ የተሠራበት መላ ይኸው ነው፤ መሬቱ ይከለላል፣ ከብት አይገባም፣ ሣሩ ግን እየታጨደ ለባለከብቱ ይሰጣል። በየመጽሐፉ ተጽፏል። እኛ ዘንድ ያመጣው ግን መጽሐፍ አልነበረም፤ የላሟ ባለቤት ጥያቄ ነው። ያን ዕለት ቆጠርን። ከሞተው ይልቅ የቆመውን መቁጠር ይቀል ነበር። የደረቀውን ነቅለን ስናየው የብዙው ሥር ላስቲኩን ሳይለቅ እንደተጠቀለለ ነው። ባለሙያው ድምፅ ተርፏቸው እዚያ ቢገኙ ዳግም ይጮኹ ነበር።

ቲቸር እዚያ ላይ አላቆሙም። ኅዳር ሲገባ ከከተማው ትንሽ ራቅ ወዳለ ደብር ይዘውን ሄዱ። የደቡብ ጎንደርን መሬት ከከፍታ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ እርሻው ተላጭቶ በመሃሉ እዚህም እዚያም ክብ ክብ ደን ይታያል፤ በእያንዳንዱ ክብ መሃል ቤተ ክርስቲያን አለ። በዞኑ ውስጥ እንዲህ ያለው ደን ከ1,000 በላይ ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው ከሌላው ቦታ ጠፍቶ እዚያ ተጠግቷል።

አብዛኛው አንባቢ ዶክተር አለማየሁ ዋሴን የሚያውቃቸው በ«እመጓ» ነው። እኛም ያኔ ደራሲ ናቸው ብለን ነበር የምናውቃቸው። ለካ የደን ተመራማሪ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በእነዚሁ በእኛ ደኖች ላይ ነው። በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያ መዝግበዋል። ቲቸር ይኼን ሲነግሩን ሊቀመንበራችን «የእኛ ደን? የእኛ የእኛ?» አለ። ከዚያ በፊት ጥናት የሚደረግበት ደን አማዞን ብቻ ይመስለን ነበር።

ጥናቱ ካወጣው ነገር ሁለቱ እኛ ላደረግነው መነሻ ሆኑ። አንደኛው፣ ከብት በማይገባበት ቦታ ዘር ይበቅላል፣ ችግኝም ያድጋል፤ ከብት በሚገባበት ግን ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ሳለ ከሥሩ ተተኪ የለውም። ሁለተኛውን ስሰማ ደነገጥኩ፤ የአብዛኞቹ የአገር በቀል ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ተቀብሮ ዓመታት አይቆይም። ማለትም እናቲቱ ዛፍ ከተቆረጠች መሬቱ ያስቀመጠላት ዘር የለም። ዶክተሩና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን በኋላ ደኖቹን በድንጋይ ካብ ማሳጠር የጀመሩት ለዚህ ነው። ድንጋዩ የሚለቀመው ከገበሬው ማሳ ላይ ስለሆነ ማሳውም ይጸዳል፣ ደኑም ይታጠራል።

ደብሩ ስንደርስ አንድ አረጋዊ ቄስ ከቅጽሩ በር ላይ ተቀበሉን። ገመዳችንንና ደብተራችንን አይተው ፊታቸው ጠየመ።

«ልጆቼ፣ ዛፍ ትቆጥራላችሁ? ለግብር ነው?»

«አይደለም አባ። ለትምህርት ነው።»

«እንግዲያስ ግቡ። መቃብር ላይ ግን ገመድ እንዳትዘረጉ።»

ጫማችንን አወለቅን። ቲቸር በገመድ አራት ማዕዘን አሠሩን፤ አንዱን ከካቡ ውስጥ፣ አንዱን ከካቡ ውጭ። በውስጠኛው ተንበርክከን መሬት ለመሬት ፈለግን። ቅጠሉ ከላይ አረንጓዴ፣ ሲገለበጥ ቢጫ ቢጫ የሚለው የወይራ ቡቃያ፤ መርፌ የመሰለው የጽድ ልጅ፤ ስሙን ቲቸርም ያላወቁት፣ ቄሱን የጠየቅንበት ሌላ ሌላ። ማንም አልተከላቸውም። ወፍ አምጥቷቸው፣ ዝንጀሮ ጥሏቸው፣ ንፋስ በትኗቸው ነው። ከካቡ ውጭ ያለው አራት ማዕዘን ውስጥ ሣርና ፋንድያ ነበር፤ ሌላ የሚጻፍ አጣን። ቄሱም ከኮሶዎቹ መሃል የትኛው ወንዴ የትኛዋ ሴቴ እንደሆነች አሳዩን። ኮሶ ወንድና ሴቱ በየራሱ ዛፍ ነው፤ ጽድና ዝግባም እንዲሁ። አንዱ ለብቻው ቢተርፍ ዘር የለውም። ይኼን ነገር በስንት ባይንድ ውስጥ አላገኘሁትም ነበር።

እንግዲህ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ዛሬም ያው ነው የማምነው። የችግኝ ቀን መቁጠሪያና የትምህርት ቤት ቀን መቁጠሪያ ተቃራኒ ናቸው። ችግኝ የሚተከለው በሐምሌ ነው፤ ተማሪ የለም። ችግኝ የሚሞተው ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ነው፤ ያኔ ግቢው በተማሪ ጢም ብሏል። ለመትከሉ ዘመቻው፣ ገበሬው፣ ቢሮው ሁሉ ይወጣል። በየካቲት ፀሐይ ችግኝ የሚያይ ግን ማን ነው? ተማሪ መሆን ነበረበት። እኛ ግን በየካቲት ስለ ሐምሌ ዕቅድ እናወጣለን።

ያን ዓመት በጥርና በየካቲት በግቢያችን የተተከሉትን ማጠጣት ጀመርን። ተራ ወጣ። የወንዶቹ ተራ ሲደርስ ስብሰባ ይበዛል፤ የሴቶቹ ሲደርስ ጀሪካኑ ይሞላል። ይኼን በወቅቱም ተናግሬአለሁ፣ አሁንም እናገራለሁ፤ ባነር ተሸካሚና ውኃ ተሸካሚ የተለያዩበት ክበብ ግማሽ ክበብ ነው። ቲቸር ሰሙኝና ተራውን በግድግዳ ላይ ለጠፉት፤ የቀረ ሰው ስሙ ይታይ ጀመር። ከዚያ በኋላ የወንዶቹ ስብሰባ ቀነሰ።

እንዲህ ስንል መጋቢት 7 መጣ። ኮሮና። ትምህርት ቤት ለአሥራ አምስት ቀን ተዘጋ ተባለ። አሥራ አምስቱ ቀን ወር ሆነ፣ ወሩ ወራት ሆነ። ደረቁ ወቅት ነው፣ ችግኞቹ ግቢ ውስጥ ናቸው፣ በሩ ተቆልፏል፣ እኛ ቤታችን ነን። እኔ በመስኮት ሰማዩን እያየሁ ስለ ወረርሽኙ እጨነቅ የነበረውን ያህል ስለ ችግኞቹም እጨነቅ ነበር ብል አትመኑኝ፤ አልፎ አልፎ ግን ትዝ ይሉኝ ነበር።

በ2013 ተመልሰን ስንገባ መጀመሪያ የሮጥነው ወደዚያው ነው። ክበቡ በዕቅዱ ላይ በመስመር ያሰፈራቸው፣ ምልክት የተሰካላቸው፣ ከሰንደቅ ዓላማው ፊት ለፊት ለእይታ የተተከሉት ደርቀዋል። ከቧንቧው አጠገብ፣ ከዘበኛው ቤት ወዲህ ያሉት ግን ቆመዋል፤ አንዳንዱ ጉልበቴን አልፏል። ጋሼ፣ ማለት ዘበኛችን፣ እጃቸውን በታጠቡ ቁጥር የተረፈውን ውኃ እዚያ ይደፉት ነበር። ፊታቸውን ሲታጠቡም፣ ዕቃ ሲያጥቡም። «ያው መንገዴ ላይ ናቸው» አሉን። ቲቸር ይኼን እንዳለ ደብተር ላይ አስጻፉን፤ የጸደቁት ችግኞች ከቧንቧው ያላቸውን ርቀት በእርምጃ ለክተን መዘገብን። የዚያ ዓመት ፕሮጀክታችን ይኸው ሆነ። ባይንድ አልተደረገም፤ በእጅ የተጻፈ ነው፣ ጭቃም ነክቶታል። ከተማርኩበት ዘመን ሁሉ ስለ አካባቢዬ የጻፍኩት እውነተኛ ነገር እሱ ብቻ ነው ብዬ እፈርዳለሁ።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ። እዚህም አምስት አምስት እንሆናለን፤ እዚህም አራቱ ስም ያስገባሉ፤ ባይንዱ ግን ወፍራም ነው።

እናንተ ዘንድሮ ክበብ የያዛችሁ መምህራን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አዲስ የተከላ ዕቅድ ከማስነበባችሁ በፊት ልጆቹን ክረምት ወደተተከለው ቦታ ይዛችሁ ውጡ። የቆመውን አስቆጥሯቸው፣ የሞተውን ነቅለው ሥሩን ይዩ፣ በቦታው ከብት የሚያሰማራ ሰው ካለ ቁጭ ብለው ያነጋግሩት። ከዚያ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ የውኃ ተራ አውጡ፤ ስም ዝርዝሩንም ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ እርሳስ፣ ገመድና ጥቂት ጀሪካን ነው።