ከባሩድ እስከ ሕፃን ልብስ

የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋው የኦቨርሎክ ማሽን ታሪክ መነሻው ስፌት ቤት ሳይሆን ባሩድ ነው። የሜሮ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1838 በአሜሪካዋ ኮኔቲከት ያቋቋመው የባሩድ ፋብሪካ ፈነዳ፤ በቦታው የሹራብ ፋብሪካ ተተከለ። ከዚያው ቤት የወጣው ጆሴፍ ሚላርድ ሜሮ መጀመሪያ የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝም ማሽን ሠራ፤ በ1881 የኦቨርሎክ ስፌት ተከተለ።

በኦቨርሎክ ማሽን ላይ ቢላዋው የጨርቁን ትርፍ ይቆርጣል፣ መርፌው ይሰፋል፣ ሁለቱ ሉፐሮች (ክር የሚያጠላልፉት ክፍሎች) ክሩን በጠርዙ ላይ ይጠቀልላሉ። ሁሉም ባንድ ጉዞ!

ጃፓኖች በ1960ዎቹ «ቤቢ ሎክ» የተባለውን የቤት ኦቨርሎክ ሲያወጡ ማሽኑ ከፋብሪካ ወደ ቤት ገባ። የሚለጠጥ የሕፃን ልብስና የለሃጭ መቀበያ ለሚሰፉ እናቶች ሁነኛ መሣሪያ ሆነ። ጀማሪን የሚያስለቅሰው ክር ማስገባቱ ነው፦ መጀመሪያ ሉፐሮቹ፣ መጨረሻ ላይ መርፌው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ክሩ ወዲያው ሊበጠስ ይችላል።