የዲስክ ቮልዩም አስተዳደር

የዲስክ ቮልዩም አስተዳደር ኦፕሬቲንግ ሲስተም የዲስክን ቦታ የሚከፍልበት፣ የሚያጣምርበትና ለፋይል ማስቀመጫ የሚያዘጋጅበት አሠራር ነው።

ጥንታዊው መንገድ ቋሚ ፓርቲሽን ነው። በየቢሮው ኮምፒውተር ላይ የሚታዩት «ሲ» እና «ዲ» ብዙውን ጊዜ አንድ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ የተገኙ ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ችግሩ የሚመጣው «ሲ» ሞልቶ «ዲ» ባዶ ሲሆን ነው። በዊንዶውስ በራሱ መሣሪያ «ሲ»ን ለማስፋት አጠገቡ ያለውን «ዲ»ን ማጥፋት ግድ ይላል፤ በውስጡ ያለው ፋይል አስቀድሞ ካልተገለበጠ አብሮ ይጠፋል።

የሊኑክሱ ኤልቪኤም ይህን አጥር ያነሳል። ዲስኮችን በአንድ ቡድን ያደርግና ከቡድኑ ላይ ቮልዩም ይቆርሳል። ቦታ ሲጠብ «ቪጂኤክስቴንድ» አዲሱን ዲስክ ወደ ቡድኑ ያስገባል፤ «ኤልቪኤክስቴንድ» ቮልዩሙን ያሰፋል፤ በመጨረሻም የፋይል ሥርዓቱ እንዲያድግ ይደረጋል። ይህ ሁሉ ሰርቨሩ ሥራ ላይ እያለ ይሠራል። ሆኖም ቮልዩሙ ያለ ተጨማሪ ቅጂ በብዙ ዲስኮች ላይ ከተዘረጋ፣ የአንዱ መበላሸት ሁሉንም ይጎዳል።

ሰን ማይክሮሲስተምስ በ2005 እ.ኤ.አ. የለቀቀው ዜድኤፍኤስ ቮልዩሙንና የፋይል ሥርዓቱን አዋሕዷል። አዲስ መረጃ በአሮጌው ላይ አይጽፍም፤ በሌላ ቦታ ከጻፈ በኋላ ጠቋሚውን ወደዚያ ያዞራል። ስለዚህ መብራት ድንገት ቢጠፋ የፋይል ሥርዓቱ አይናጋም። የተጻፈው ሲነበብም ትክክለኛነቱን ይፈትሻል። ሰፊ ራም ቢወድም፣ መብራት በሚቆራረጥበት አገር ለመዝገብ ማስቀመጫ የሚመረጠው ይህ ነው።

ከሦስቱ አንዱም ግን ባካፕን አይተካም። ለዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ከባድ ምስክር ናቸው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንዱ ለሌላው ቅጂ ቢይዝ ከእሳትና ከመብረቅ ያድናል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ግን የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሁለቱንም ከተሞች በተቀራረቡ ቀናት ደረሰባቸው፤ እስከ ኅዳር 27 ድረስም በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ። ዩኒቨርሲቲውም፣ ደሴ ሆስፒታልም ተዘረፉ። ዲስኩ ከነሰርቨሩ ሲወሰድ በውስጡ ያለው ስናፕሾትም (የፋይል ሥርዓቱ የአንድ ቅጽበት ምስል) አብሮ ይሄዳል።

ዜድኤፍኤስ ከስናፕሾት ወደ ስናፕሾት የተለወጠውን ብቻ ለይቶ ወደ ሌላ ሰርቨር መላክ ይችላል፤ ለደካማ ኢንተርኔት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በኤልቪኤም ለሚሠራም እንደ «አርሲንክ» ያለ ፕሮግራም ለውጡን ብቻ ይልካል። የትኛውም ቢመረጥ፣ የተማሪ ውጤትና የሕሙማን መዝገብ የያዘ የወሎ ተቋም አንድ ቅጂ ከወሎ ውጭ፣ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ሊያኖር ይገባል።