ጀልባ ይከርማል እንጂ አይከማችም

ግንቦት መጀመሪያ ላይ የአክስቴ ልጅ ከሚኒሶታ ደወለልኝ። ከጓደኛው ጋር አዋጥተው የገዟት ትንሽ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ አለቻቸው። ብርዱ ሲገባ ከሐይቅ አውጥተው፣ ጀልባ በክፍያ ለሚያስቀምጥ አንድ ግቢ ሰጧት። በሚያዝያ ሸራዋ ሲገለጥ ሞተሯ ተሰንጥቆ ተገኘ። መድን ስለነበራት ቅጽ ተላከለት፤ ቅጹ ከእንግሊዝኛው ጎን አማርኛ ነበረው። ርእሱን በስልክ አነበበልኝ፦ «በክረምት ክምችት ወቅት በጀልባ ላይ ለደረሰ ድንገተኛ ውድመት የሚቀርብ ማመልከቻ»። ከሥሩ «ውድመቱ በየትኛው የክረምት ወር ደረሰ?» የሚል ጥያቄ አለ። እሱም «ሐምሌ» ብሎ ሞላ። ቅጹ ተመለሰለት፤ በሐምሌማ ጀልባዋ ውኃ ላይ ነበረች።

«አያ፣ ወረቀቱ በአማርኛ ስለሆነ በአማርኛ ቆጠርኩ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?» አለኝ።

አልተሳሳተም። የተሳሳተው ትርጉሙ ነው። ይህን ማብራሪያ የምጽፈውም ያ ቅጽ ብቻውን ስላልሆነ ነው። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ጀልባም፣ ሞተር ብስክሌትም፣ ተጎታች መኪናም ይገዛሉ፤ በብርዱ ወራት ያስቀምጣሉ፤ ሲያወሩም ሲጽፉም ወይ «ዊንተር ስቶሬጅ» ይሉታል፣ ወይ «የክረምት ክምችት»፣ ወይ «የቅድመ ክረምት ዝግጅት»። ሦስቱም አይሆኑም። የሚሆነውን ቃል በየቀኑ እየተጠቀምንበት ሌላ መፈለጋችን ያንገበግበኛል።

ከ«ክረምት» ልጀምር። ግእዙ ዓመቱን ለአራት ይከፍለዋል፤ መፀው ከመስከረም 26፣ ሐጋይ ከታኅሣሥ 26፣ ፀደይ ከመጋቢት 26፣ ክረምት ከሰኔ 26 ይጀምራሉ። ክረምት ማለት ዝናብ ነው፤ ጭቃ፣ ጉም፣ የሞላ ወንዝ ነው። እኔ ባለሁበት እንጅባራ ይህን ለማስረዳት ቃል አያስፈልግም፤ ሐምሌ ላይ ደጅ መውጣት ይበቃል። የሚኒሶታ ሐይቆች በረዶ የሚጋግሩበት ጊዜ ግን የእኛ በጋ ነው። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች እዚህ እንጅባራ በዓላቸውን ሲያከብሩ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ፈረሶቹ የሚያስነሡት አቧራ ነው። በዚያው ቀን የአክስቴ ልጅ ጀልባ በበረዶ ተሸፍናለች። ታዲያ ያንን ወቅት «ክረምት» ብሎ ጽፎ፣ ወር ቁጠር ብሎ መጠየቅ ምን ይባላል? ወቅቱን መጥራት ካስፈለገ «የብርድ ወራት» ወይም «የበረዶ ወራት» ይበቃል። «ቅድመ ክረምት»ንም ቢሆን ቀበሌዎቻችን ቦይ ለመጥረግና ጎርፍ ለመከላከል ይጠቀሙበታል፤ እዚያ ቦታው ስለሆነ እዚያው ይቆይ።

ወደ «ክምችት» ልለፍ። አከማቸ የሚለው ግስ ብዛትን ይፈልጋል። እህል ይከማቻል፣ ሀብት ይከማቻል፣ ዕዳ ይከማቻል፣ ደመናም ይከማቻል። በአንድ ላይ ሌላ ሲታከልበት ነው ክምችት የሚባለው። አንዲት ጀልባ ብቻዋን በምን ላይ ትከማች? የጦር መሣሪያ ክምችት፣ የነዳጅ ክምችት ሲባል ጆሮ አይጎረብጠውም፤ የአንድ ጀልባ ክምችት ሲባል ግን ይጎረብጠዋል። ጆሯችን ሲጎረብጠው ማመን ያለብን እሱን ነው።

እኔ የምከራከርለት ቃል «ክራሞት» ነው።

ሥሩ ያው ከረመ ነው፤ ክረምትም ከዚሁ የወጣ ነው። ወንድምና እኅት ናቸው ማለት ነው። ግን ክረምት ከዝናቡ ጋር ታስሮ ሲቀር፣ ከረመ ከወቅቱ ተፈትቶ ወጥቷል። «ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ከርሜ መጣሁ» የሚል ሰው ይህን በየካቲት ቢለው ማንም አያርመውም። «ጠፍተህ ከረምክ»፣ «ክራሞትህ እንዴት ነው?» እንባባላለን፤ ወሩን አንጠይቅም። ሽማግሌዎች ሲመርቁ «ያክርምህ»፣ «ለከርሞ ያድርሰን» ይላሉ፤ ከርሞ መጪው ዓመት ነው። ዓመት አልፎ ዓመት ቢመጣም የማይለወጠውን ሰው «ከርሞ ጥጃ» እንለዋለን። በዚህ ሁሉ ውስጥ የግሱ ፍሬ አንድ ነው፦ ረዘም ያለ ጊዜን አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ሁኔታ ላይ ሆኖ ማሳለፍና ወደ ሚቀጥለው መድረስ። ጀልባ በግቢ ውስጥ የሚሆነው በትክክል ይኸው ነው።

አከረመ ሲሆን ደግሞ ጠባቂ ይመጣል። ገበሬ ለዘር የሚሆነውን ድንች ያከርማል፤ ትል እንዳይገባበት፣ እንዳይሻግት፣ ያለ ጊዜው እንዳይበቅል እያየ። በዳንግላም በባንጃም ይህን ሥራ የማያውቅ ቤት የለም። ዘር ማክረም ማለት አስቀምጦ መርሳት አይደለም። «ማከማቸት» ውስጥ ይህ ጥንቃቄ የለም፤ «ማክረም» ውስጥ አለ። ለዚህም ነው ከአንዱ ግስ ሙሉ ቤተሰብ የሚወጣልን፦ ጀልባዋ ትከርማለች፤ ባለ ግቢው ያከርማታል፤ ቦታው መክረሚያ ነው፤ የሚከፈለው የማክረሚያ ክፍያ ነው፤ ጊዜውና ሁኔታው ክራሞት ነው። ባለ ግቢውን «አክራሚ» ማለት ይቻላል፤ እዚህ ላይ ብቻ ጸሐፊ ይጠንቀቅ፣ ከ«አክራሪ» የሚለየው አንድ ፊደል ነውና። እኔ «አክራሚው ድርጅት» ብዬ ብጽፍ እመርጣለሁ።

«ክራሞት የሰው ነው፣ ለዕቃ አይሆንም» የሚሉኝ አሉ። እስቲ ጣና ዳር ልውሰዳቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ባሕር ዳር ነበርኩ። ሐይቁ ዳር አንዲት ታንኳ ከዛፍ ጋር ተደግፋ ቆማለች። የደንገል ታንኳ ውኃ ስለምትጠጣ ከሥራ በኋላ ወጥታ ካልተጠነፈፈችና ካልደረቀች ትከብዳለች፤ ቆይታም ትበሰብሳለች። በበጋ ፀሐዩ ይረዳል። በነሐሴ ግን ታንኳዋ ጀርባዋ አረንጓዴ አውጥቷል፤ ማሰሪያው ከደንገሉ ጋር ተጣብቆ አንድ ሆኗል፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ደንገሉ እንደ ራሰ ዳቦ ገባ አለ። ባለቤቱ ሽማግሌ መቅዘፊያ ቀርከሃቸውን ይዘው አጠገቤ መጡ።

«አባቴ፣ ይቺ ገና ትሠራለች?» አልኳቸው።

«አትከርምም» አሉኝ። «ብትከርም እንኳ ለመስከረም አትሆንም፤ ሌላ እሠራለሁ።»

አትከርምም። ስለ ታንኳ ነው። ሽማግሌው ታንኳ የሚሠሩ፣ ከአባት ከአያት የተማሩ ሰው ናቸው፤ ቃሉን ከመዝገበ ቃላት አላወጡትም። ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ከየት ላምጣ?

ስለ ታንኳ ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ዳንግላ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ጣናን እየዞረ አጥንቶ፣ ስለ ሐይቁና ስለ ዓባይ በ1936 መጽሐፍ አሳትሟል። ያ ሰው በእንግሊዝኛው ውስጥ «ታንኳ» ብሎ ነው የጻፈው። የራሱ ቋንቋ የጀልባ ስም ሞልቶለት ሳለ የእኛን ወሰደ፤ ነገሩ የእኛ መሆኑን ስላወቀ። እኛ በራሳችን ወረቀት ላይ የራሳችንን ግስ ለመጻፍ የምንፈራበት ምክንያት አይገባኝም።

ቀሪው «ድንገተኛ ውድመት» ነው። ውድመት ከወደመ ነው፤ ወደመ ማለት ጠፋ፣ ምንም አልቀረም ማለት ነው። ከተማ በጦርነት ይወድማል፣ ሰብል በአንበጣ ይወድማል። የተሰነጠቀ ሞተር ያላት፣ አካሏ ደኅና የሆነ ጀልባ አልወደመችም፤ ተጎዳች። «ጉዳት» የሚለው ቃል ትንሹንም ትልቁንም ይችላል። «ብልሽት» ያሉም አሉ፤ ብልሽት ግን ዕቃው ከራሱ ውስጥ ሲታወክ ነው፣ መንሥኤው ከውጭ ሲመጣ ጉዳት ይሻላል።

«ድንገተኛ» ላይ ክርክሩ ጠንከር ይላል፤ መድኑ የሚከፍለው ወይም የማይከፍለው በዚህች ቃል ነውና። ድንገተኛ ፍጥነትን ነው የሚናገረው። ድንገተኛ ሕክምና፣ ድንገተኛ ጉብኝት፣ ድንገተኛ ስብሰባ እንላለን፤ ስብሰባውን የጠራው ሰው ግን አስቦ ነው የጠራው። በመድን ውል የሚጠየቀው ነገር ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ታስቦ ነው ወይስ ሳይታሰብ፣ ከእርጅናና ከቸልታ የመጣ ነው ወይስ ካልተጠበቀ ነገር የሚለው ነው። ውኃ በረዶ ሲሆን በመጠኑ ዘጠኝ በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ሞተር ውስጥ የቀረ ውኃ ብረቱን ከውስጥ የሚገፋው በዚህ ነው። ሌሊት በሌሊት፣ ማንም ሳያየው። ጉዳቱ በየትኛው ቀን እንደደረሰ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ሸራው ሲገለጥ ነው። ይህን «ድንገተኛ» ያለው አመልካች «መቼ ነው ድንገት የሆነው?» ሲባል መልስ ያጣል። «ያልታሰበ ጉዳት» ቢባል ግን እውነቱን ይዟል። «አደጋ» የሚለውም ጥሩ ቃል ነው፤ ጀልባዋ ከድጋፏ ወድቃ ቢሆን እሱን እጽፍ ነበር። አደጋ ክሥተቱ ነው፣ ጉዳት ውጤቱ ነው፤ ሁለቱን አንዋህድ።

እንግዲህ ርእሱ «በክራሞት ለደረሰ ያልታሰበ ጉዳት የሚቀርብ ማመልከቻ» ይሆናል ማለት ነው። አሥራ አምስት ዓመት ውጭ የኖረም፣ ትናንት ከአዲስ ቅዳም የሄደም ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

የጥንቃቄውን ነገር ብዙዎች ስለሚያውቁት አላበዛም። ከማክረም በፊት ውኃውን ከሞተሩ ማፍሰስ፣ አንቲፍሪዝ መጨመር፣ የጀልባዋን የታች ውታፍ መንቀል፣ ባትሪውን ማውጣት፣ ሸራው በረዶ እንዳይቋጥር አዘቅዝቆ መወጠር፤ ፎቶግራፍ አንሥቶ ማስቀመጥ፤ ከአክራሚው ድርጅት ጋር የተፈረመውን ወረቀት መያዝ። በክራሞቱ መካከል ሄዶ ማየትም ያስፈልጋል፤ ለዘር ድንች የምናደርገው ነው። ውርጭም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ባቄላችንን በኅዳርና በታኅሣሥ ሲመታው «ውርጭ መታው» እንላለን፤ የጀልባውን ሞተርም ያው ውርጭ ነው የመታው። «የፍሪዝ ዳሜጅ» እያሉ መጻፍ አያስፈልግም።

አማርኛ ባሕር የለውም፣ ስለ ጀልባ ሊናገር አይችልም የሚለውን ነገር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እውነት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የባሕር ሕጋችን በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛ ታውጇል፤ መርከብን፣ ጭነትን፣ የባሕር ጉዳትንና መድንን የሚመለከት ሙሉ ሕግ ነው። ግእዙ ከዚያ ብዙ ዘመን በፊት ሐመር ሲል ኖሯል፤ እመቤታችንን «ሐመረ ኖኅ» እያልን ስናመሰግን አድገናል። መርከብና ጀልባ ከዐረብኛው ጎረቤታችን ጋር የምንጋራቸው ናቸው፤ ታንኳን ከጣና አገኘን። ስሙ አላነሰንም። ያነሰን የራሳችንን ግስ አምነን ወደ አዲስ ሥራ ማሰማራት ነው።

በውጭ አገር ቅጽ፣ መመሪያና የመድን ውል ወደ አማርኛ የምትመልሱ ወገኖቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። ወቅት የሚጠይቅ ጥያቄ ስታገኙ «ክረምት» ብላችሁ አትለፉት፤ ወራቱን ጻፉ። የሚቀመጥ ነገር ስታገኙ «ክምችት» ከማለታችሁ በፊት ብዛቱን እዩ፤ አንድ ከሆነ ይከርማል። ቃሉን ከጻፋችሁ በኋላ ደግሞ ለአንድ ሽማግሌ አንብቡለት።

የአክስቴ ልጅ ቅጹን እንደገና ሞላ። ርእሱን መለወጥ አልቻለም፤ በወሩ ቦታ ላይ ግን «ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ ጀልባዋ በከረመችበት ጊዜ» ብሎ ጽፎ ላከው። በዚህ ጊዜ አልተመለሰም።